ባለቤት የሌላቸው ፊልሞች

ሞላሌ ላይ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤቱን የፊልም ክበብም የምመራው እኔ ነኝ። የምናሳየው ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የተሠሩ፣ ንግግር የሌላቸው አጫጭር አስቂኝ ፊልሞችን ነው። ሰው ወድቆ ሲነሣ ለማየት ምን አስተርጓሚ ያስፈልጋል?

ታዲያ የወላጆች ቀን ሲቃረብ አዲሱ ርዕሰ መምህራችን «የባለቤቱን የፈቃድ ደብዳቤ አምጪ፤ አለዚያ ክበቡን እዘጋዋለሁ» አይለኝ መሰላችሁ! ደሜ ፈላ። «የሞተ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል እንዴ?» አልኩት። ተያይዘን የወላጆች ኮሚቴ ፊት ቀረብን።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ፊልም አይተው አያውቁም። የቅጂ መብት ዕድሜ እንዳለው፣ ዕድሜው ሲያልቅ ሥራው የሁሉም እንደሚሆን አስረዳኋቸው።

«እንደ ጓሳችን በይኛ!» አሉ። የጓሳውን ሣር አገሩ ተስማምቶ ለዓመታት ይዘጋዋል፤ እስኪከፈት ማንም ማጭድ አያነሳበትም፤ የተከፈተ ዕለት ግን ሁሉም ያጭዳል።

«እንደሱ ነው አባባ! ተከፍቷል!» ብዬ ልዘል ደረስኩ።

«ቆይ እንጂ የኔ ልጅ። ፊልሙን ስታሳዪ ደጅ ድረስ የሚሰማው ሙዚቃስ? እሱም ያኔ የተሠራ ነው?»

ክው አልኩ። ፊልሞቹ ሲሠሩ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ሙዚቃውን በቅርቡ ሌላ ሰው ነው የጨመረባቸው። «አይ፣ እሱ አዲስ ነው» አልኩ በቀስታ።

«እንግዲያ እሱ ገና ዝግ ነዋ!»

እኔ፣ ሕግ አክብሩ እያልኩ የማስተምረው፣ ዓመት ሙሉ ባልተከፈተ ጓሳ ሳጭድ ኖሬአለሁ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው «የተከፈተውን አሳዪ፣ ያልተከፈተውን ተዪ» ብለው ፈረዱ። ርዕሰ መምህሩም «እሺ፤ ግን ወላጅ ተሰላችቶ ከወጣ ክበቡ አበቃለት» አለ።

በወላጆች ቀን ድምፁን ዘጋሁት። አዳራሹ ጭጭ አለ፤ እኔ ማን ሊወጣ ነው እያልኩ በሩን በሩን አያለሁ። ፊልሙ ላይ አንዱ ረጅም መሰላል ተሸክሞ ሊዞር ሲል ሰብሳቢው ብድግ ብለው «ኧረ ኋላህን! ኋላህን እየው አንተ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲያ ማን ዝም ይበል! አንዷ እናት ትመክረዋለች፣ ሌላው ይሰድበዋል፣ ሁሉም ይንከተከታል። ርዕሰ መምህሩ እንባውን እየጠረገ ጆሮዬ ሥር «ክበቡ ይቀጥል» ሲለኝ እንኳ በጫጫታው ሁለቴ አስደገምኩት።

ለካ የሰረቅኩት ሙዚቃ ዓመት ሙሉ የሰዉን ሳቅ ሸፍኖብኝ ኖሯል።