በማዘዣ የተገዛ ማስቲካ

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ የወፍጮ ሞተር ሁሉ በእኔ እጅ ያልተፈታ የለም። ድምፁን ከሩቅ ሰምቼ በሽታውን የምናገር ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ የለም፤ ፈትቼ እየገጠምኩ፣ ገጥሜ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ታዲያ ይሄን ሁሉ ሥራ አፌ ላይ ሲጃራ ሳይኖር ሠርቼው አላውቅም ነበር። ማታም ጭሱን ይዤ ነው ቤት የምገባው። ትንሿ ልጄን አስም ያዛት።

ሐኪሙ ለሚስቴ፣ "ወይ ሲጃራው ይውጣ፣ ወይ ልጅቷ ትውጣ" አላት። ሚስቴ ነገር ሁለቴ እንዲነገራት አትወድም። ልጅቷን ይዛ ደብረ ወርቅ አባቷ ቤት ገባች።

አማቼ የቅኔ መምህር ናቸው። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ አይወዱኝም። "ልጄን ለቀለም ሰው ነበር ያሰብኳት፤ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ወሰዳት" ይላሉ፣ ያውም እየሰማሁ። እኔም ከሳቸው የባሰ እጠላቸዋለሁ፤ በዚህ እንኳ አይበልጡኝም።

ሽማግሌ ላክሁ። አማቼ መልሳቸውን እንደ ውል አረቀቁት፦ ከዛሬ ጀምሮ ትንባሆ በአፌም በአፍንጫዬም እንዳይገባ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ሰሞን ተመልሼ እንድቀርብ፤ ቃሌን ጠብቄ ከተገኘሁ ሚስቴንና ልጄን ይዤ እንድሄድ፣ ካልሆነ ግን ትዳሩ እንዲፈርስ። ማልኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጎረቤቴ የሆኑት፣ ዋስ ገቡልኝ።

በማግስቱ እጄ ተንቀጠቀጠና አንዲት ብሎን ማሰር አቃተኝ። ወፍጮ ቤት እህል ሊያስፈጩ ከተሰለፉት ሴቶች ጋር ተሰዳደብኩ። ከአህዮቻቸውም ጋር።

ልጄን ያከማት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። "ብቻህን አትታገለው፤ መድኃኒት አለው" አለና ማዘዣ ጻፈልኝ። የታዘዘልኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ማስቲካ! ፋርማሲ ሄጄ ወረቀቱን ስሰጣት ሻጯ ልጅ አነበበች፤ ጓደኛዋን ጠራች፤ አብረው አነበቡ፤ አብረው ሳቁ።

"ጋሼ፣ ማስቲካ እኮ ሱቅ ነው ያለው። የሙዙን ነው የሚፈልጉት?"

"ሳቅ የሚያስቆም ካላችሁ አምጡ፤ ለእናንተ ልግዛላችሁ" አልኳቸው።

ለካስ ከተማው ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ነው የሚገኘው፤ እዚያም ፈልጎ ላገኘ። ደጀን ላይ ሞተሩን የሠራሁለት የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና እሱ ገዝቶ አመጣልኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

"ምነው፣ ከነፋርማሲው ነው እንዴ የገዛኸው?"

"ደረሰኙን እየው። እኔም አላመንኩም፤ ሁለቴ ነው የጠየቅኋቸው። እንግዲህ የአንድ ሙክት ዋጋ ነው፤ አኝክ።"

እስቲ ፍረዱ። ሲጃራ የሌለበት ደጃፍ የለም። በየሱቁ፣ በየጉሊቱ፣ በፍሬ ይሸጣል። ብር ካነሰህ "ነገ ታመጣለህ" ይሉሃል። መርዙን በዱቤ፣ ደጅህ ድረስ፣ ከነክብሪቱ ይሰጡሃል። ማርከሻውን ግን ዓባይን አሻግረህ፣ በሐኪም ወረቀት፣ በሙክት ዋጋ! ይሄን ያቀደውን ሰው ባገኘው በትልቁ ቁልፍ ነበር አናቱን የማጠብቅለት።

ሐኪሙ፣ "ነከስ ነከስ አድርገህ ጉንጭህ ሥር ተወው" ብሎኝ ነበር። የሙክት ዋጋ ከፍዬ ጉንጬ ሥር ላስተኛው? እንደ በግ ሥጋ አደቀቅሁት። ጉሮሮዬ ነደደ፣ ስቅታ ያዘኝ። እንደታዘዝኩት ስይዘው ግን ሠራ። ብጠላውም እውነቱን እናገራለሁ፦ ሠራ። እጄ ረጋ፤ ሴቶቹም አህዮቹም ሰላም አገኙ። ሲጃራ የሚባል ነገር አልነካሁም።

ቀኑ ሲደርስ ደብረ ወርቅ ሄድኩ። አማቼ ቤት ሽማግሌዎቹ መደብ ላይ ተደርድረዋል። ሚስቴ ጓዳው በር አጠገብ ልጅቷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጄ ከገባሁ ጀምሮ አንዴም አላሳለችም። ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም፤ አማቼ ቤት ተሽሏታል ማለት ነዋ!

ዋሴ ጀመሩ። "ጎረቤቱንም፣ ወፍጮ ቤቱንም ጠይቀናል። ሲያጨስ ያየው የለም።"

አማቼ ትክ ብለው አዩኝ። "ምንድነው የምታመነዥከው?"

"ማስቲካ" ብሎ ዝም ማለት ነበር። ግን እኔ በዚህ ሰውዬ ፊት የማላውቀውን እንኳ አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ የማውቀውንማ እንዴት ልተወው?

"የኔታ፣ ይሄ እርስዎ የሚያውቁት ማስቲካ አይደለም። መድኃኒት ነው። ውስጡ ኒኮቲን የሚባል ነገር አለ፤ ከትንባሆው የሚወጣ ነው። ሰውነት የለመደውን ትንሽ ትንሽ እየሰጠ ቀስ በቀስ ያስረሳዋል።"

ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አፌን አዩ።

"ከትንባሆ የሚወጣ" አሉ አማቼ።

"አዎ፣ ግን..."

"አፉ ውስጥ።"

"አፌ ውስጥ ነው፤ ግን የኔታ..." ስቅታዬ መጣ።

"ሰማችሁ? ድሮ ቢያንስ ጭሱን ይተፋው ነበር። አሁን ትንባሆውን ይበላው ጀመር! በሽማግሌ ፊት፣ በእኔ ቤት፣ ከነስቅታው!"

ዋሴ ብድግ አሉ። "አንተ ልጅ፣ በዚህ ሽበቴ ትጫወትበታለህ?"

"አያ፣ ሐኪም ያዘዘልኝ እኮ ነው! ማዘዣው ይኸው ኪሴ ውስጥ አለ!"

"ሐኪም ጠላ ቢያዝልህ አልጠጣሁም ልትል ነው?" አሉ አማቼ።

ደሜ ፈላ። "ልጄ የምትስበው የአስም መድኃኒትስ? እሱም በአፍ ነው የሚገባው! ጭስ ነው በሉና ንጠቋታ!"

ልጅቷ ድምፄን ስትሰማ እናቷ ብብት ሥር ተሸጎጠች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አማቼ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ቃሉን ራሱ አፈረሰው" ብለው ሊነሡ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ትዳሬ እዚያው መደብ ላይ እያለቀለት ነበር።

"ስንት ገዛኸው?" አለች ሚስቴ።

"እ?"

"ማስቲካውን። ስንት ነው?"

ነገርኳት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አማተቡ።

ሚስቴ ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ ይሄን ሰውዬ እርስዎ አያውቁትም። ለፋሲካ ዶሮ ሲገዛ ባለዶሮዋን አስለቅሶ ነው የሚመለስ። ጫማ ግዛልኝ ስለው የወፍጮ ቀበቶ ቆርጦ ሶል የሚለጥፍልኝ ቆንቋና ነው። ይሄ ሰው ይሄን ያህል ብር አውጥቶ ሙጫ ካኘከ የምሩን ነው።"

በሕይወቴ እንደዚያ ተሰድቤ አላውቅም። በሆዴ ግን "ጨምሪበት" አልኩ።

"ትንባሆ ያው ትንባሆ ነው" አሉ አማቼ። "አኝኮ ሳይጨርስ ከዚህ ቤት አትወጪም።"

"ሲጨርስ ቤቴ ሆኜ አየዋለሁ።"

ልጅቷን አዘለችና እጇን ዘረጋችልኝ። ልይዛት ስል እጄን በጥፊ አባረረችው።

"ማስቲካውን ነው! ከእንግዲህ የምታኝከው እኔ ስሰጥህ ነው።"

ፓኬቱን አቀበልኳት፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ዋሴም፣ "እንግዲህ ዋሱ አንቺ ነሽ፤ እኔ ወጥቻለሁ" ብለው እፎይ አሉ። አማቼ አልሸኙንም። እስከ ዛሬም መሐላ አፍራሽ ነው የሚሉኝ፤ እኔም የሰፈራቸው ወፍጮ ሲበላሽ ሌላ መካኒክ ፈልጉ እላለሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ሲጃራ አወጣና ለኮሰ። ሽታው አፍንጫዬ ድረስ ሲመጣ እጄ ሳላዘው ጉልበቴን ጨመደደ።

"ወዲያ ጣለው!" አለችው ሚስቴ። "ልጅ ይዘናል።"

"ባልሽ ነኝ እንዴ የምታዢኝ?"

"ባሌማ ይኸው። ታዞ እንዴት እንደሚያምር አታየውም?"

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሰውየው እያጉረመረመ በመስኮት ወረወረው። ሚስቴ አልሳቀችም፤ ጉልበቴ ላይ ያለውን እጄን አየችና፣ ሳልጠይቃት የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች።