በመቀርቀሪያው ቦታ

ቬስትኤንድ በሚባለው የባዕድ አገር ሰፈር ካለችው ትንሽ የአይሁድ ምኩራብ ደጃፍ የሚቆመው ዘበኛ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። ጡረተኛዋ ነርስ ወይዘሮ ሰብለወንጌል ጠባሳውን እንዳዩ፣ ዱልዱም ነገር ደጋግሞ እንደጨፈለቀው ገባቸው።

«ምን አገኘህ ልጄ?»

«መጥረቢያ የያዘ ሰው ነው እማማ» አለ በጎንደሬ አማርኛው። «በሩን ሲፈልጠው መቀርቀሪያው ተሰበረ፤ እጄን በቦታው ሰካሁ። በስንጥቁ እያየ በመጥረቢያው ጀርባ ቀጠቀጠኝ። ፖሊስ እስኪደርስ አላወጣሁትም።»

«ውስጥ የነበሩትስ?»

«አርባ ሰው ነበር፤ አንድም አልተነካ።»

«ተአምር ነው!» ብለው አማተቡ።

«በእኛ ሃይማኖት እጅን አጣጥፎ ተአምር መጠበቅ ክልክል ነው» አለና፣ በቀሩት ሦስት ጣቶቹ አዲሱን መቀርቀሪያ ጎተት አድርጎ ፈተሸው።