የቴኒስ ሜዳው ቀትር

ዳኛው የእርሻው አናጢ በሠራለት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች በስተሰሜን በኩል በቆርቆሮው ጥላ ሥር ተደርድረዋል። የእርሻው ሠራተኞች ፎጣቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው ከሽቦ አጥሩ ወዲያ ቆመዋል፤ ሽቦው ስለሚያቃጥል የሚደገፈው አልነበረም። እናቴ በሩ አጠገብ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር፣ የሻይ ፔርሙዝ ታቅፋ ነበር። እኔ ሜዳው የሚረጭበት የውሃ በርሜል አጠገብ ነበርኩ። ከመረቡ ወዲያ ደገኛው ተጫዋች፣ ከመረቡ ወዲህ ወንድሜ።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነገር ነው። የልጅ ልጄ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ወጥቶ ነበር። ልዘጋው ስነሳ አንድ የቴኒስ ተጫዋች ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁ። ፊቱ ቀልቷል። በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ በአንገቱ ዙሪያ አደረጉለት፤ ሌላም በጭኑ ላይ። አንዲት ልጅ ከኋላው ጃንጥላ ይዛለታለች። ሐኪም መጥቶ የእጁን የደም ሥር ዳሰሰ። ተናጋሪው ሙቀቱ ስለበረታ ጨዋታው ለጊዜው መቆሙን ተናገረ። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከአንገቱ የሚቀልጠው ውሃ በደረቱ ላይ ሲወርድ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ማንም አልጮኸም። ማንም በረዶውን አልነጠቀም። ቆሜ እስከ መጨረሻው አየሁት።

ሸዋ ሮቢትን በመኪና ብቻ አልፎ የሄደ ሰው ሙቀቷን አያውቀውም። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወረድ ደብረ ሲና ላይ ሹራብ ይወልቃል፤ ሮቢት ሲደረስ ሸሚዝ ከጀርባ ይጣበቃል። እኛ ግን የግንቦቱን ቀትር ነው ሙቀት የምንለው። በዚያ ሰዓት የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጣጣል። ከአስፋልቱ ላይ አየሩ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ውሻ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ ካልሆነ አይንቀሳቀስም።

ወንድሜ በብርቱካን እርሻው ውስጥ ያለው የቴኒስ ሜዳ ጠባቂ ነበር። ሜዳውን ያሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ሲሄዱ ራኬቱም መረቡም ለእሱ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ቀዩን አፈር በውሃ ይረጫል፣ በብረት ዳምጠው ይደለድላል፣ በኖራ መስመሩን ያሰምራል። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። የእርጥብ አፈርና የኖራ ሽታ ከብርቱካኑ አበባ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። አሁንም አንዳንድ ጊዜ ግንብ ሲለሰን ያ ሽታ ይመጣብኛል። ከዚያ አይዘልቅም፤ ያልፋል።

ማታ ማታ ሲበርድ ከእርሻው ጸሐፊዎች ጋር ይጫወታል። የሚያሸንፈው ሲጠፋ በዙሪያው ካሉት እርሻዎች ሁሉ ጋር ተጫወተ። ከዚያ ያ ውድድር መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ፣ በውድድሩ አንደኛ የሚወጣውን አሰልጣኝ አድርጎ በደመወዝ ሊቀጥረው ቃል ገብቶ ነበር። የወንድሜ ሐሳብ ሁሉ ይኸው ሆነ። ቴኒስ እንጀራው ሊሆን ነው፤ እኔና እናቴም ከእሱ ጋር ልንሄድ ነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አዲስ አበባ ስትገቢ ብርድ ነው ብለሽ እንዳታለቅሺ» ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል እንዲሆን ነበር የታሰበው። እንግዶቹ ግን ጣርማ በርን ጉም ሳይወርድበት ማለፍ ፈለጉ። ወደ ስድስት ሰዓት እንዲመጣ ተባለ። ወንድሜን ጠየቁት።

«ለእኔ ሁሉም ሰዓት አንድ ነው» አለ። «እኔ እዚሁ ነው የተቀቀልኩት። ሁለተኛ አልበስልም።»

ሁሉም ሳቁ። እናቴም ሳቀች።

ደገኛው ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። የእሱም እንጀራ ቴኒስ ነበር፤ አዲስ አበባ እያስተማረ ይኖራል። ካደረበት ሆቴል የለስላሳ ማቀዝቀዣ በረዶ ለምኖ በባልዲ ይዞ መጣ። ገና ሳይጀመር ፎጣ ነክሮ አንገቱ ላይ ጠመጠመ። ባርኔጣውንም አርሶ አደረገ። ቦታ በተለዋወጡ ቁጥር ጥላ ሥር ገብቶ ይቀመጣል፤ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል፤ እጁን እስከ ክንዱ በረዶው ውስጥ ይከታል።

ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰው ይህን ሲያይ መቀለጃ አገኘ።

«ቅቤ ነው እንዴ? ቀለጠ እኮ!»

«ወንድም፣ በረዶው ካለቀብህ ደብረ ብርሃን ደርሰህ ና!»

የመስኖ ውሃ የሚለቁት ሽማግሌ ደግሞ «ተዉት፣ የሰው ልጅ አይደለም እንዴ» ይሉና እሳቸውም ይስቃሉ።

ደገኛው ፎጣውን ጨምቆ እንደገና ነከረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ዘንድ በላብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይነካም። ከፀሐይ የመጣ ሰው ላቡ እስኪደርቅ ይቀመጣል፤ አይታጠብም፣ አይጠጣም። አለዚያ ምች ይመታዋል። ይህን ከእናት ጡት ጋር ነው የጠባነው። ስለዚህ ወንድሜ ቦታ ሲለዋወጡ ወደ በሩ ይመጣል፤ እናቴ ከፔርሙዙ ቅርንፉድ የገባበት ትኩስ ሻይ ትቀዳለታለች። ቆሞ ፉት ይላል። «ላብ ያውጣልህ» ትለዋለች። ይመለሳል። የውሃው በርሜል ከእሱ ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ወንድሜ ወሰደ። ሁለተኛውን ደገኛው። በሦስተኛው ወንድሜ መራ። ሰዉ በስሙ ይጠራዋል፣ እልል የሚሉ ሴቶችም ነበሩ። ሊያሸንፍ ትንሽ ነበር የቀረው።

ሸሚዙ መድረቁን ያየሁት ያኔ ነው። ከጀርባው ላይ ተጣብቆ የነበረው ሸሚዝ ነጭ የጨው መስመር ትቶ ደርቋል። ፊቱ ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረችም። ኳሱን ለመምታት ወደ ላይ ወረወረው፤ ሳይመታው ወድቆ ነጠረ። ዳኛው ጠበቀው። እንደገና ወረወረ። ከዚያ ራኬቱን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«ላሟን አገባሻት?» አለኝ።

ላም አልነበረንም። አባታችን በሞተበት ዓመት ነው የተሸጠችው። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ወንድሜ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው አየኝ። ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈ፤ ባሰመረው ኖራ ላይ በፊቱ ወደቀ።

መጀመሪያ የደረሰለት ደገኛው ነው። መረቡን ዘሎ መጣ። ግንባሩን ነክቶ እጁን መለሰ።

«ይሄ ሰው ነዷል! ውሃ! ያን ባልዲ አምጡልኝ! ልብሱን አውልቁለት!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ራሱ ሮጦ ባልዲውን አመጣ። ሊያፈስበት ሲያነሳው እናቴ ደረሰች። እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። በሁለት እጇ ባልዲውን ገፋችው፤ በረዶው ቀዩ አፈር ላይ ተበተነ።

«ወግድ! ምች በመታው ሰው ላይ ውሃ? ልትገድልብኝ ነው?»

«እናቴ፣ እባክዎ ይስሙኝ፤ ምች አይደለም፣ ሰውነቱ ነው የጋለው፤ ካልቀዘቀዘ…»

«ያ አላህ! ያዙልኝ ይሄን ሰው!»

ያዙት። ክንዱን የያዙት እኒያ የመስኖው ሽማግሌ ነበሩ። በክፋት አይደለም። «ተው ልጄ፣ እናቱ ናት የምታውቀው» ነው ያሉት። እንግዶቹ ከወንበራቸው ተነስተው ቆመዋል። የእርሻው ክሊኒክ በእሑድ ዝግ ነው።

አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ ቤት ወሰዱት። እናቴ በሩንም መስኮቱንም ዘጋች፤ ንፋስ እንዳይገባ። ሁለት ጋቢ ደረበችለት። እኔን ዳማከሴ እንድቀነጥስ ላከችኝ፤ ከአጥራችን ሥር ይበቅላል። በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን በአፍንጫው ጨመረች፣ ግንባሩንና ደረቱን ቀባችው። ቅጠሉን በፈላ ውሃ ነክራ በጋቢው ሥር አጠነችው። የቤቱ አየር አንድ ጊዜ ተስቦ ሁለተኛ የሚሳብ አልነበረም። የእሷ ላብ በጉንጯ እየወረደ ጋቢው ላይ ይንጠባጠባል።

«ላብ ያውጣው እንጂ ይድናል» ትለኝ ነበር። «ላብ ብቻ ያውጣው።»

እጄን በጋቢው ሥር አስገብቼ ደረቱን ነካሁት። እንደ ምድጃ ድንጋይ ደረቅ ነበር።

በበሩ ቀዳዳ ደገኛው ይታየኝ ነበር። የቀረውን በረዶ ለቅሞ በባልዲው ይዞ፣ ከደጃፋችን ፀሐይ ላይ ቆሟል። የእንግዶቹ መኪና ከአስፋልቱ ላይ ጡሩንባ ነፋ። ደጋግሞ ነፋ። እሱ አልሄደም፤ መኪናው ሄደ። በባልዲው ውስጥ ያለው በረዶ ውሃ ሆነ።

የአስር አዛን ሲሰማ ወንድሜ አልፎ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረ።

እናቴን የሚወቅስ ሰው ካለ እኔ አልሰማውም። እኔን ሁለት ጊዜ በዚያው ቅጠልና በዚያው ጋቢ አድናኛለች። እሷንም እናቷ እንዲሁ አድናታለች። የምታውቀውን ሁሉ አድርጋለች፤ ያላደረገችው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። በኋላ በሬዲዮ ስለ ሙቀት ሕመም ሲነገር ከሰማሁ እዘጋው ነበር። ምች እንዳልነበረ ሳታውቅ ሞተች። እንዲህ መሆኑን ወድጄዋለሁ።

ክለቡ ሌላ ሰው ቀጠረ። ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ሜዳው ዛሬ የባጃጅ ማቆሚያ ነው።

ደገኛው ከተማው ውስጥ አልጋ ይዞ ሰንብቶ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረሰ። ዱዓው አብቅቶ ሰዉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። ወሬው ቆመ። የመስኖው ሽማግሌ ቦታ ለቀቁለት፤ ዓይኑን ግን አላዩትም።

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ቀና አለች።

«አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ እናቴ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«በዚያ ቀትር ልጄን ፀሐይ ላይ ያቆየኸው አንተ ነህ።»

ሰውየው አንገቱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን አየ። ሽማግሌውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ስለ በረዶው የሚለው ነገር እንደነበረው አውቃለሁ፤ እንደማውቅም አውቋል። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እናቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች። ሦስት ቀን ታጥባቸውም የዳማከሴው አረንጓዴ ከጥፍሮቿ ሥር አልለቀቀም።

«አዎ እናቴ» አላት። «ቶሎ መሸነፍ ነበረብኝ።»

እናቴ እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሰውየው ክርስቲያን ስለሆነ ዳቦና ሻይ ብቻ እንዳቀርብለት በምልክት ነገረችኝ።

«ብላ እንግዲህ» አለችው። «መንገደኛ ነህ።»

አንድ ቁራሽ ቆረሰ። ጎረሰው። ብርጭቆውን ከፊቱ አስቀመጥኩና ወጣሁ።