ማኪናዋ ቤንዚን የጠገበች ዕለት

ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ዛሬም ጥሬ ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር ቁስቋም የነበረው ግቢያችን፣ የነሐሴው ጭቃና የእናቴ ጩኸት ተከታትለው ይመጡብኛል።

አባቴ የደምቢያ ገበሬ ነበር፤ በሬዎቹን ሸጦ አንዲት አሮጌ ማኪና ገዝቶ ጎንደር ከገባ በኋላም ጠባዩ የገበሬ እንደሆነ ቀረ። እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ቢለው «በሞቴ!» እያለ ሳያስጨምረው አይለቀውም ነበር፤ ማኪናዋንም እንደዚያው ነበር የሚይዛት፣ አልነሳ ስትለው «በሞቴ፣ በሞቴ» እያለ የነዳጁን መርገጫ ይረግጥላታል። በበጋ ደህና ነበረች። አንድ ጊዜ ብቻ ኮላ ድባ ገበያ ላይ ቤንዚን በዝቶባት እምቢ ብላ፣ አንድ መካኒክ ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎቿን ፈትቶ ሲያደርቅ እናቴ ከአጠገቡ ቆማ አይታለች፤ አባቴ ተሳፋሪ ፍለጋ ሄዶ አላየም።

ክረምት ገባና የእናቴ ወር ደረሰ። አንድ ማለዳ ዝናቡ ሳያባራ ምጥ ያዛት፣ ደምም ተከተለው። አዋላጇ እትዬ ጥሩ ጨርቁን አይታ «ይህ የቤት ምጥ አይደለም፣ ሐኪም ቤት!» አለች። የጎረቤት ሴቶች ደግፈው ከኋላ ወንበር ሲያስተኟት፣ እኔ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።

አባቴ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመ እንጂ አልነሳም። ረገጠላት። «በሞቴ!» ደግሞ ረገጠ። ሽታው ማኪናዋን ሞላት፣ ከውጭ ሴቶቹ «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ፣ የባትሪው ድምፅ እየደከመ ሄደ።

ጎረቤታችን ሙጬ ቀልድ አያጣም፤ በመስኮት ብቅ ብሎ «አያ ደሴ፣ ምነው በበቅሎ ብትወስዳት? በቅሎ እንኳ ቤንዚን አትጠይቅም!» ሲል፣ እትዬ ጥሩ «ዝም በል፣ አንተ አፈ ልቅ!» ብላ ገፈተረችው።

እናቴ ጥርሷን ነክሳ ቀና አለች።

«ደሴ፣ እግርህን አንሳ! አጠጥተህ አጠጥተህ አሰመጥሃት። ካንዴላዋን ፍታና አድርቅ።»

«ምን ጊዜ አለን?»

«ፍታው አልሁህ!»

ፈታ። አራቱንም በእናቴ ነጠላ ጫፍ ጠረጋቸው፤ ከዚያ ግን ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስኪተን መጠበቅ ነበረበት። ያቺን ጥበቃ አልረሳትም፤ የሚሠራ ነገር የለም፣ እናቴ ጣቶቼን ትጨምቃለች፣ ከሥሯ ያለው ጨርቅ እየቀላ ይሄዳል። ገጥሞ ጨርሶ ቁልፉን ሲያዞር ባትሪው ሞቷል። ሙጬ አሁን አልቀለደም፤ ጋቢውን ጥሎ የሰፈሩን ወንዶች ጠራ፤ ማኪናዋን በቁልቁለቱ ገፏት፣ አባቴም እግሩን ከነዳጁ አርቆ፣ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ፣ ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሳች።

ቀሐ ድልድይ ስንደርስ ልጁ ተወለደ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። እናቴን ሐኪሞቹ አተረፏት።

እኔ ልጆቼን ስወልድ ስልክ ተደውሎ በመጣ ማኪና ነው የሄድሁት፤ ቁልፉ እንደዞረ ተነሳ፣ ሾፌሩም ዘፈኑን እንኳ አልዘጋም፣ እኔ ብቻ ነበርሁ እስኪነሳ ድረስ ትንፋሼን ይዤ የቆየሁ። አባቴና እናቴ ስለዚያ ማለዳ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ መስከረም ጀምሮ ግን አባቴ ወሯ የገባ ሴት በሰፈሩ እንዳለች ከሰማ፣ በየማለዳው ሥራ ከመውጣቱ በፊት ማኪናዋን አስነስቶ አሙቆ፣ ሴትዮዋ ደጃፍ ወስዶ ትንሽ ያቆማት ነበር።