ከብርነሽ የሕይወት ታሪክ የተሰረዘው መስመር

ብርነሽ ዘፋኝ ነበረች። ይቺን አጭር ቃል በቀብሯ ላይ ለማስነበብ ምን ያህል እንደተጨቃጨቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እዚህ በሰው አገር፣ ሮቢንስዴል በሚባል የከተማችን ዳርቻ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለዓመታት አብረን ሠርተናል። አዛውንት ስናጥብ ታንጎራጉራለች። ዜማ ሲመጣላት እጇ እርጥብ ነው፤ "ቅድስት፣ ቶሎ በይ ሪከርድ አድርጊልኝ!" ትለኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ባለ የሐበሻ ሬስቶራንት ትዘፍናለች፤ ሰዉ ክትፎውን እየጎረሰ ወሬውን ይሰልቃል። ሲዲ አወጣች፤ ዘመድ እንኳ በነፃ ካልሆነ አልወሰደላትም።

አንዷ ዘፈን ግን ከእጇ አመለጠች። የጓደኛችን የእህተማርያም ሰርግ ላይ እናትየው ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። ሙሽሪት ስታለቅስ ብርነሽ ማይኩን ነጥቃ፣ "እናቷ ማዶ ናት፣ እልልታ አድርሱላት" ብላ እዚያው ገጠመች። ተደወለላቸው፤ አዳራሹ በሙሉ ስልኩ ላይ እልል አለ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ያለዚች ዘፈን ሰርግ የለም፤ እዚያ ጋ ሲደርስ ሁሉም ማዶ ላለ ዘመዱ ደውሎ ስልኩን ወደ ላይ ያነሳል። የማን ናት ሲባል፣ "የሕዝብ ዜማ ነው" ይላሉ። የሕዝብ! ሕዝብ መቼ ቁጭ ብሎ ዜማ ደርሶ ያውቃል?

ካንሰር ይዟት አልጋ ላይ ከጣላት በኋላ እንኳ፣ "አንድ ቀን ስሜን ይጠሩት ይሆናል" ትል ነበር። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ስትሞት የሕይወት ታሪኳን ጻፊ ተባልኩ። "እናቷ ማዶ ናት የተባለውን ዘፈን የደረሰችው እሷ ናት" ብዬ ጻፍኩ። የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ምሥጋና አነበቡና ሰረዙት።

"ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘፈን አይነሳም። ለነፍሷም አይበጃት" አሉኝ።

ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፤ ወይ ፍንክች! "በሥራዋ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ ነበረች" ተብሎ ተነበበ። ታታሪማ አህያም ናት።

አርባዋ እንደወጣ ዉድበሪ የሚባል ሰፈር ሰርግ ተጠራሁ። የምታገባው የጋሽ ምሥጋና የእህት ልጅ ናት፤ እናቷ አዲስ አበባ ቀርታለች። ያቺ ዘፈን ስትጀመር ጋሽ ምሥጋና ከሁሉ ቀድመው ብድግ አሉ። ኮታቸውን ወርውረው፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው፣ እንባቸው እየወረደ "እናቷ ማዶ ናት" ይላሉ።

አላስቻለኝም። ሄጄ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ፦ "ጋሼ! የሰረዟት እኮ ይቺ ናት! የብርነሽ ናት!"

ስልኩን ዝቅ እንኳ አላደረጉም።

"ኧረ ዝም በይ ልጄ፤ እህቴ እየሰማች ነው።"