ቆራቢው ይስማውና የጠጠሩ ዳር

ይስማውን ውሃ የወሰዳቸው ገና ሪዝ ሳያበቅሉ ነው። ከቢቸና ገበያ ሁለት ወይፈን ነድተው ወደ ቀያቸው ሲመለሱ፣ ሰማዩ ከበላያቸው ጥርት እንዳለ፣ ላይ አገር የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ መጣና ከወንዙ መሃል አገኛቸው። ወይፈኖቹ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው ጠፉ። እሳቸውን ውሃው እያገላበጠ ወስዶ ከአንድ ሾላ ሥር ሸጎጣቸው። ሥሩን እንዳቀፉ፣ አፋቸው ጭቃ እንደጎረሰ፣ ሙላቱ እስኪጎድል ቆዩ። ታዲያ የአገሩ ሰው "ይስማው ከደራሽ ታግሎ ወጣ!" ብሎ ጀግና አደረጋቸው፤ ሠርግ ላይ ሳይቀር ተፎከረላቸው። እሳቸው ግን እንኳን ሊታገሉ፣ እናታቸውን ሲጣሩ እንደነበር ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ከጉልበታቸው በላይ ውሃ ገብተው አያውቁም። ይህንንም የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ብሩክታይት ብቻ ነበሩ።

ይስማው በኋላ ቢቸና ከተማ ገብተው ልብስ ሰፊ ሆኑ። ከባለቤታቸው ጋር ቆረቡ፤ ለእርቅ የሚፈለጉ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ወጣቸው። ጨርቅ የሚያመጡት ከሞጣ፣ ከነጋዴው ከአብዱራዛቅ ሱቅ ነበር፤ ንግዱም ውሎ አድሮ ወዳጅነት ወለደ። አብዱራዛቅ ለፋሲካ ቢቸና ሲመጡ በግ በቁሙ ይሰጣቸዋል፣ በእጃቸው ያርዳሉ፤ ብሩክታይት ቤት ለእሳቸው ብቻ የተቀመጠ ድስት ነበር። ለዓረፋም ይስማው ሞጣ ሲሄዱ እንደዚያው።

አብዱራዛቅ ወጣትነታቸውን አሰብ ወደብ ላይ ሸክም ሲሠሩ ያሳለፉ፣ ዋናን ከቀይ ባሕር የተማሩ ሰው ናቸው። አገራቸው ገብተው ባሕሩን ቢያጡት የጠጠሩን ዳር አገኙ። ከሞጣ በታች፣ ቆላው ውስጥ፣ ወደ ዓባይ የሚወርድ ወንዝ ከገደል ሥር ሰፋ ብሎ የሚተኛበት ቦታ ነው። ዳሩ ጭቃ የለው፣ አሸዋ የለው፤ ውሃ ያለሰለሰው ጠጠር ብቻ። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ከበቅሎ በቀር ከብት አይወርድበትም፣ ልብስ አይታጠብበትም። ከታቹ ያለው ፏፏቴ ስለሚያግደው አዞም ከዓባይ ሽቅብ አይመጣም። ኅዳር ገብቶ ድፍርሱ ሲጠራ ወለሉ ድረስ ይታያል።

ልጃቸው ኢናስ ከጅዳ ስትመለስ ሁለት የመዋኛ መነጽር ከነመተንፈሻ ቱቦው አመጣችላቸው። አብዱራዛቅ አንዱን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሌላውን ለይስማው ዘረጉ፤ ያውም ሱቃቸው ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት።

"ይኸኛው ያንተ ነው።"

"እኔን ደግሞ ማን ዓሣ አደረገኝ?"

"ይህን ሁሉ ቁምጣ ለአገሩ ስትሰፋ ኖረህ፣ አንድ ቀን እንኳ ለዋና አትለብሰውም? ና ብቻ! ፊትህን ውሃው ላይ ታስተኛለህ፣ በቱቦው ትተነፍሳለህ፣ ከዚያ ጸጥ ነው። ስልክ የለ፣ የገበያ ጫጫታ የለ፤ የራስህን ትንፋሽ ብቻ ትሰማለህ። ዓሣው አጠገብህ መጥቶ ‘እንደምን ዋልክ’ ሊልህ ምንም አይቀረው። መስታወቱን አስቀድመህ እንትፍ ትልበትና ታሻሸዋለህ፤ ያኔ ጉም አይዘውም።"

ይስማው እጃቸውን ለመነጽሩ አልዘረጉም። "ፈራሁ" ማለት ግን ለእሳቸው አይሆንም።

"ነገ እኮ ቆራቢ ነኝ" አሉ።

እውነት ነበር። ቆራቢ በቁርባኑ ሰሞን ወንዝ አይሻገርም፣ ገላውን አይታጠብም፣ ምራቁን እንኳ አይተፋም። አብዱራዛቅ መነጽሩን ቶሎ ከግንባራቸው አወረዱ።

"አስተግፊሩላህ! መች አወቅሁ። ቁርባንህ ይቅደም፤ ወንዙ እንደሆነ የትም አይሄድ።"

ይህ መልስ ለይስማው ጥሩ መሸሸጊያ ሆነ። በሌላው ኅዳር ሳይቆርቡ "ቆርቤያለሁ" አሉ። ቀጥሎም እንዲሁ አሉ። ረመዳን ሲገባ አብዱራዛቅ ውሃ አፋቸው እንዳይገባ ብለው ራሳቸው ከዋና ይከለከላሉ፤ "የኔ ጾም ሲወጣ ያንተ ይገባል" እያሉ ይስቃሉ። ይስማውም በሁለቱ ጾም መካከል እንደ ልባቸው ተደበቁ።

"ቁርባኑን መጋረጃ አደረጉት እኮ" አሏቸው ብሩክታይት። "ለወዳጅዎ ፈራሁ ቢሉት ምን ይሆናሉ?"

"አንቺ ደግሞ! ደራሽ ያልጣለው ይስማው ኩሬ ፈራ ይባል?"

አንድ ኅዳር ላይ ከሞጣ ግብዣ ሳይመጣ ቀረ። ይስማው መጀመሪያ እፎይ አሉ። ሲቆይ ግን ዝምታው ከነከናቸውና ደወሉ። ስልኩን ያነሳችው ኢናስ ናት።

"ጋሽ ይስማው፣ አባዬ አልነገረዎትም? ዓይኑ እኮ ጠፋ። የዓይን ግፊት ነው አሉን። ባሕር ዳር ድረስ ወሰድነው፤ የጠፋው አይመለስም ተባለ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እሱ ከለከለኛ! ‘ቆራቢ ሰው ነው፣ አታስደንግጪብኝ’ አለኝ።"

ይስማው በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አብዱራዛቅ ከሱቃቸው ተቀምጠው ጨርቅ በጣታቸው ይዳብሱ ነበር። የይስማውን ሳል ሲሰሙ ቀና አሉ።

"የቢቸናው ቆራቢ! ዛሬስ ቆርበሃል?"

"አልቆረብኩም። ተነሥ፣ እንሂድ።"

"ወዴት?"

"ወደ ጠጠርህ ነዋ።"

አብዱራዛቅ ጨርቁን አጥፈው አስቀመጡ። ከዚያ "ኢናስ፣ መነጽሮቹን አምጪ" አሉ።

መንገዱ እስካለ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ አብዱራዛቅ በበቅሎ፣ ሌሎቹ በእግር ወረዱ። ከዳሩ ሲደርሱ አብዱራዛቅ ጫማቸውን አውልቀው ጠጠሩ ላይ ቆሙና ፊታቸው በራ። ይስማው በቁምጣ ሆነው ገቡ። ውሃው ጉልበታቸውን ሲያልፍ ቆም ብለው አማተቡ። መስታወቱን እንትፍ ብለው አሹ፣ ፊታቸውን አስተኙ፤ ወዲያው እያሳላቸው ብድግ አሉ።

"ቱቦውን ያዘው እንጂ አታኝከው!" አሉ አብዱራዛቅ ከዳር ሆነው፣ በሳቅ እየተንከተከቱ።

ዳግመኛ ጎንበስ ሲሉ ከታች ሌላ አገር ተገለጠላቸው። ጠጠሩ ቀዩ፣ ነጩ፣ አረንጓዴው ተነጥፎ፣ ብርሃን እንደ መረብ እየተሳበ ያልፍበታል። ትንንሽ ዓሦች እንደ ተበተነ መርፌ ብልጭ ይሉና አንድ ላይ ይዞራሉ። አንድ ሽማግሌ አምባዛ ከድንጋይ ሥር ጢሙን ዘርግቶ ተኝቷል። ፍርሃቱ መቼ እንደለቀቃቸው ይስማው አላወቁም።

ሲወጡ አብዱራዛቅ እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ።

"እሺ፣ ምን አየህ?"

"ዓሣ።"

"ዓሣማ ነው! ምን ይመስላል?"

"ትንንሽ ነው… እንደ መርፌ።"

"ፀሐይ ስትመታቸው ጎናቸው ላይ የምትለዋወጥ መስመር አለች። ዛሬ ምን ቀለም ናት?"

"ሰማያዊ መሰለችኝ።"

"መሰለችኝ? እስቲ ተመለስና እይልኝ።"

ደመኞችን ያስታረቀው አንደበት ለአንዲት ዓሣ ቃል አጣ። ይስማው ተመልሰው ገቡ። ፀሐይዋ ግን ገደሉን አልፋ ነበር፤ ውሃው ጠቁሯል፣ መስመርም ቀለምም የለ።

"አይታይም" አሉ ሲወጡ።

"ዓይኔ ሳለ መጥተን ቢሆን እኔ አሳይህ ነበር" አሉ አብዱራዛቅ። ቂም አልነበረበትም። ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣ "ቁርባኑ ነው የያዘው። ስንት ጊዜ ለመንኩት፣ ሃይማኖቱን ግን አላጓደለም። ሰው ማለት እንዲህ ነው" አሏት።

ይህን ይስማው መሸከም አቃታቸው።

"ቁርባን አልነበረም" አሉ። "የመጀመሪያው ብቻ ነው እውነት። ሌላውን ውሃ ፈርቼ ነው የዋሸሁህ።"

አብዱራዛቅ ከጠጠሩ አንዱን አንሥተው በመዳፋቸው አገላበጡ። ኢናስም አንገቷን ደፋች።

"ፈራሁ ብትለኝ" አሉ በመጨረሻ፣ "እጅህን ይዤህ እገባ ነበርኮ።"

ሽቅብ ሲመለሱ ይስማው የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ከፊት ሄዱ።

ወዳጅነቱ አልተቋረጠም። ይስማው አሁንም በየኅዳሩ ይወርዳሉ፣ ይገባሉ፣ ያዩትን ወጥተው ያወራሉ። አብዱራዛቅ ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴ "እንዲያ አልነበረም" ይላሉ፣ አንዳንዴ "እሺ" ይላሉ። በቅርቡ በአንድ እርቅ ላይ ሰዎች ይስማውን ከኖሩት ሁሉ ምን እንደሚበልጥባቸው ጠየቋቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ፦

"ስም አግኝቻለሁ፣ ልጆች አሳድጌአለሁ፤ ተመስገን ነው። የሚበልጥብኝ ግን ወዳጅ ና ሲል ተነሥቶ መሄድ ነው። ብፈራ ይስቅብኝ ነበር፤ ቢስቅብኝስ ምን ነበረበት? አሁን እኔ አይቼ እነግረዋለሁ፣ እሱም እሺ ይለኛል። ዓይኑ ሳለ ጎን ለጎን ሆነን አንዲቷን ዓሣ ሁለታችን ብናያት ኖሮ መንገር ባላስፈለገ። የቀረብኝ ይኸው ነው፤ ሌላ የቀረብኝ የለም።"