በሮማኒያኛ ውሃ ማጠጣት

ግሌንዴል ውስጥ የምንከባከባቸው ሮማኒያዊት አሮጊት ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ እንግሊዝኛቸው ጠፋ። አርባ ዓመት የተናገሩበት ቋንቋ ሄዶ የልጅነታቸው ብቻ ቀረ። ስለዚህ ግጥም የምሞክርበት ደብተር ጀርባ ላይ ቃሎቻቸውን በፊደል እየለቀምኩ፣ ከምኖርበት ከፒዮሪያ ስትሪት በአውቶቡስ ስመጣ አጠናቸው ጀመር። አፐ፣ ውሃ። ፑጺን፣ ትንሽ። ጋታ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ አለኝ። ሳህኑን ሲገፉ ጋታ፤ ጫማቸውን አስሬ ስጨርስ ጋታ፤ በመስኮቱ በረዶው ሲያባራ ጋታ። አለቀ፣ ተዘጋጀ፣ በቃ፤ ሁሉንም ነው። ቀናሁ። እኔ አንድ ስንኝ ላይ «በቃ» ለማለት ሳምንት ይፈጅብኛል።

ችግሩ ውሃ ነበር። ብርጭቆውን ባስጠጋሁላቸው ቁጥር አፋቸውን ገጥመው ግድግዳ ያያሉ። ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው ነርስ፣ እንዲህ ከቀጠሉ መጦሪያ ቤት ይገባሉ ብላለች። ልጃቸው ከሥራዋ ደወለችልኝ።

«እባክህ፣ እናቴ ከራሷ ቤት ከወጣች አትመለስም።»

«ምን ብዬ ልለምናቸው?»

«ሰሩት ምና በላት። እጅዎን እስማለሁ ማለት ነው። ልጆች ሆነን ደረጃ ላይ ላገኘናት ትልቅ ሴት ሁሉ የምንለው ሰላምታ ነው።»

በማግስቱ ገብቼ «ሰሩት ምና» አልኩ። ብሎ መቆም ግን ነውር መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ፤ ያደግኩበት ነውና ወደ ጉልበታቸውም ወረድኩ።

ጮኹ። እግራቸውን ሰብስበው፣ በጆሮዬ ጎትተው አስነሱኝና በሮማኒያኛ አወረዱብኝ። ደንግጬ ለልጃቸው ደወልኩ፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። ሳቋን መግታት አቃታት።

«ጳጳስ ነኝ እንዴ? ቃሉ ይበቃል፣ ማን ሳም አለው ይሄን እብድ! ነው የምትልህ።»

አሮጊቷ አልጨረሱም። ወንበር አሳዩኝ፤ ተቀመጥኩ። ለእሳቸው የቀዳሁትን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፉት።

«ፖፍቲም!»

«እንካ ማለት ነው» አለች ልጃቸው። «ግባም፣ ብላም እንደዚያው ነው። እንግዳ አድርጋሃለች፤ ጠጣ!»

እንግዳ ሆኖ ብቻን መጠጣት ከየት ይምጣ? «እርስዎስ?» አልኩ፣ በአማርኛ። ገፉት፤ መለስኩት። ገፉት፤ «በሞቴ!» ብዬ መለስኩት። ሁለተኛ ብርጭቆ ቀድቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። «ፑጺን።» ገላመጡኝና አነሱት። ግማሹን ጠጡ። እኔም ጠጣሁ።

ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሲቀዱ የኖሩ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሕፃን ላጠጣቸው ስታገል ከርሜ ነበር።

ሐሙስ ነርሷ መርምራቸው፣ ወረቀቷን ሞልታ፣ «ለጊዜው እዚሁ ይቆዩ» አለች።

የቤቱ ቁልፍ አለኝ። አሁን ግን አንኳኩቼ እጠብቃለሁ። መደገፊያ ዎከራቸውን እየገፉ ከሶፋው እስከ በሩ ድረስ አምስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። በኮሪደሩ የሚያልፍ ጎረቤት ቁልፍ የጠፋኝ መስሎት ወደ ሕንፃው ማኔጀር ቢሮ ሊልከኝ ይሞክራል።

«አይ፣ እየመጡ ነው» እለዋለሁ።